ከቤት የመጣ ትኩሳት

ጥቅምት 3

ይድረስ ለማከብርሽና ለምወድሽ እትዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ሥራው፣ ብርዱ፣ ብቻ መዋሉ እንዴት ይዞሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም አለን። "አለን" ስልሽ ግን የስልኩን "አለን" እንዳይመስልሽ። ደብዳቤ መጻፌም ለዚሁ ነው። ቤታችን አንድ ክፍል ስለሆነች ካንቺ ጋር ሳወራ ወንድምሽ አልጋው ላይ ሆኖ እያንዳንዷን ቃል ይሰማል። ገና "ሃሎ" ስል "ደህና ነው በያት፤ በሰው አገር አታስጨንቂያት" ይለኛል። እኔም ደህና ነው እልሻለሁ። ወረቀት ላይ ግን ሊቆጣጠረኝ አይችልም፤ መነጽር ማድረግ ሞቱ ነው።

ከሆስፒታል ከወጣ ሳምንት አለፈው። ኩላሊቶቹ ሥራ ማቆማቸውን ነግረንሻል። ያልነገርንሽ የቱቦውን ነገር ነው። የኩላሊት እጥበቱ የሚደረግለት በቀጭን ቱቦ ነው። ከአንገቱ ዝቅ ብላ በቀኝ ደረቱ ገብታ እስከ ልቡ ድረስ ትሄዳለች አሉን። ጫፏ ውጭ ነው፤ በፕላስተር ተሸፍኗል። በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ቤት አደርሰዋለሁ፤ ከማሽኑ ጋር ያያይዙታል፤ ግማሽ ቀን ተቀምጦ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ሆኖ ይመለሳል።

ጨዋታው ግን አልጠፋም። የሰፈሩ ሰው ሊጠይቀው መጥቶ በቅጽል ስሙ "ብልጭታ፣ እንዴት ይዞሃል?" ሲለው "ዕድሜዬን ሙሉ የሰው በርና መስኮት ስበይድ ኖሬ፣ አሁን በተራዬ ቧንቧ ገጠሙልኝ" ይላል። ሰው ይስቃል። እኔ ዕቃ የማነሳ መስዬ ፊቴን አዞራለሁ።

አሁን የምጠይቅሽ፦ ነርሷ ስንወጣ "ውሃ እንዳይነካው" ብላኝ ሌላ ሰው ጠራት፤ ሄደች። እንዴት አድርጌ ነው የማጥበው? ታውቂዋለሽ፣ ከሥራ ሲመለስ ሳይታጠብ እህል የማይቀምስ ሰው ነው። አሁን ሁለት ቀን ሲያልፈው የራሱን ገላ ይጸየፋል። ደግሞስ ያንቺ ሥራ ምንድነው? እማማ ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ ዶክተር ናት" ብለው ጨርሰዋል። እኔ ነርስ መሆንሽን አውቃለሁ፤ አንድ ቀን ግን "በሽተኛ አልነካም" ብለሽኝ ነበር። በሽተኛ የማይነካ ነርስ ምን ይሠራል?

ጤናሽን ይስጥሽ።
የወንድምሽ ባለቤት፣ ሙሽሪት


ኅዳር 1

ለውድ እህቴ ለሙሽሪት፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ፤ ደጋግሜ አነበብኩት። እናንተን በሰላም ያቆይልኝ። ፀጉርሽ ሲሸብትም ሙሽሪት ነው የምልሽ፤ እናቴ ያወጣችውን ስም እኔ አልሽርም።

መጀመሪያ ስለ ገላው። ከወገቡ በታች በሳፋ ውሃ ይታጠብ። ከወገቡ በላይ በረጠበ ፎጣ አብሽው፤ ደረቱን አልፈሽው ሂጂ። ፕላስተሩ ከረጠበ ወይም ጫፉ ከተነሳ የዚያኑ ቀን እጥበት ቤት ወስደሽ እነሱ ይቀይሩት፤ አንቺ አትንኪው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ብርድ ብርድ ካለው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ "እስኪ ይሻለው እንደሆን" ብለሽ እንዳትጠብቂ። ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው፤ ገና በር ላይ "ቱቦ አለው" በይ። ስሙን ከመናገርሽ በፊት እሱን ተናገሪ።

ስለ ሥራዬ። እውነትሽን ነው፤ በሽተኛ አልነካም። ደሙ ውስጥ ባክቴሪያ የተገኘበት ሰው ሁሉ ፋይሉ እኔ ጠረጴዛ ላይ ይመጣል። ጠረጴዛዬ ምድር ቤት ነው፤ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ፤ ግድግዳው ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ሰው የት ያዘው? ይዞት ከመጣ፣ ወይም ገብቶ ሁለት ቀን ሳይሞላው ከታየበት "ከቤት የመጣ" እለዋለሁ። ከዚያ በላይ ተኝቶ ከሆነ "ከሆስፒታል የያዘው" ነው፤ ያን ጊዜ የአለቆቼ ፊት ይጠቁራል። ሦስተኛም አለ። ቤቱ የሚያድር፣ ግን ሕክምናው ቤቱ ድረስ የተከተለው ሰው አለ፤ እንደ ወንድሜ እጥበት የሚመላለስ፣ ቱቦ ይዞ የወጣ፣ በቅርቡ ተኝቶ የተነሳ። እሱ ከቤቱ አተኩሶት ቢመጣም ከቤት ነው አንለውም፤ "ከሕክምና ጋር የተያያዘ" እንለዋለን። ለጨዋታ አይደለም፤ መድኃኒቱ ይለያያል። በሕክምና መንገድ የሚመጣው ባክቴሪያ የለመድነውን መድኃኒት ይንቃል። ሐኪሙ ከየት እንደመጣ ካላወቀ የተናቀ መድኃኒት ይሰጥና ጊዜ ይሄዳል።

እንግዲህ ሥራዬ ይኸው ነው። ለእማዬ አትንገሪያት፤ ዶክተር ሆኜ ልቆይ።

ወንድሜን ሳሚልኝ። መነጽሩን ያድርግ በይው።
እህትሽ


ታኅሣሥ 10

ለእትዬ፣

እንደምን አለሽልን? እንዳልሽው እያደረግን ነው። ቀለሙ ተመልሷል። እጥበት በሌለው ቀን የብየዳ ሱቁ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል። ባለፈው አንዱ የበየደውን አጥር አይቶ "ይህን የበየደ ሰው አጥሩን ነው ወይስ ጎረቤቱን ነው የጠላው?" ሲል መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። እጥበት ቤትም ወዳጅ አፍርቷል። ከአጠገቡ የሚቀመጡት ጡረተኛ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው፤ ማሽኑ እየዞረ እነሱ ይከራከራሉ።

አንድ ነገር ልጽፍልሽ አስቤ ነበር። ተዪው፤ ደህና ሆኗል።

ስትደውዪ ድምፅሽ ሲደክም እሰማለሁ። እባክሽ እንቅልፍ ተኚ።
ሙሽሪት


ጥር 18

ለወንድሜ ባለቤት፣

ፈጣሪ ያጽናሽ፤ ሁላችንንም ያጽናን።

ልመጣ አልቻልኩም። የመኖሪያ ወረቀቴ እድሳት ላይ ነው፤ ከወጣሽ አትመለሺም አሉኝ። ወንድሜን አፈር ሲያለብሱት በስልክ ነው የሰማሁት። አጎታችን ስልኩን ወደ ሰዉ አዙሮ ይዞልኝ ነበር፤ የሰማሁት ንፋስ ብቻ ነው።

አንዳንድ የማልረዳው ነገር አለ። አጎታችን ፕላስተሩ ውሃ ነክቶት እንደነበረና አንቺው ራስሽ ቤት ውስጥ እንደቀየርሽው ነግሮኛል። እውነት ነው? መቼ ነው? በምን ነካሽው? ብርድ ብርድ ያለው መቼ ነው፤ ሆስፒታል የደረሰውስ ስንት ሰዓት ቆይቶ ነው? እኔ ምን ብዬ እንደጻፍኩልሽ ታስታውሺያለሽ።

ማወቅ ስላለብኝ ነው የምጠይቅሽ።


መጋቢት 2

ይድረስ ለተከበሩ የባለቤቴ እህት፣

ጤናዎን እመኛለሁ። መልሴ የዘገየው ወረቀት አጥቼ አይደለም። ጀምሬ እተወው ነበር። በስልክ እንዳልመልስልዎ ደግሞ፣ በስልክ እንላቀሳለን እንጂ አንነጋገርም።

የጠየቁኝን በቅደም ተከተል እመልሳለሁ።

አዎ፣ ውሃ ነክቶታል። ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው፤ እሑድ ቀን። ሙቀቱ ከብዶ ነበር። እኔ ልብስ ላሰጣ ስወጣ ባልዲውን አንስቶ ራሱ ላይ ደፋው። ስመለስ እንደ ሕፃን እየሳቀ፣ ውሃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ፣ "አትቆጪኝ፣ ዛሬ ሰው ሆንኩ" አለኝ። እጥበት ቤቱ እሑድ ዝግ ነው። ሄድን፤ ዘበኛው መለሰን። ድንገተኛ ክፍል "ትኩሳት ከሌለው ነገ እጥበት ቤታችሁ" አሉን። ፕላስተሩ ተነስቶ ተንጠልጥሏል። ክፍት ላሳድረው ወይስ ልሸፍነው? እጄን በሳሙና ታጠብኩ፤ ከፋርማሲ የተገዛ ጓንት አደረግኩ፤ በአልኮል ጠርጌ አዲስ ለጠፍኩ። በማግስቱ ነርሷ አይታ "ጥሩ አድርገሻል" ብላ በራሷ ቀየረችው። ልጽፍልዎ አስቤ የተውኩት ይህንን ነው። የተውኩት እንዳይቆጡኝ ፈርቼ ነው። ይህንን አልክድም።

ብርድ ብርድ ያለው ታኅሣሥ መገባደጃ ላይ ነው። ቤት አይደለም፤ እጥበት ቤት ወንበሩ ላይ ሆኖ፣ ቱቦው ከማሽኑ ጋር እንደተያያዘ። አስተማሪው ናቸው "እህት፣ ይህ ሰው እየተንቀጠቀጠ ነው" ብለው የጮሁት። ያን ቀን ነርሷ ለስምንት ሰው አንድ ብቻዋን ነበረች፤ ካንዱ ወደ አንዱ ትሮጣለች። ብርድ ልብስ አልብሳው "ያጋጥማል፣ ማሽኑ ደም ያቀዘቅዛል" አለች። አልፈርድባትም፤ ዓይኗ በድካም ቀልቶ ነበር። ልክ ሲነቅሉለት ቤት አልወሰድኩትም። እንዳሉኝ አድርጌ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ፤ በር ላይ ከስሙ በፊት "ቱቦ አለው" አልኩ። አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡን። ጭንቅላቱን ትከሻዬ ላይ አድርጎ "የበር ማጠፊያው ያልተዘየተ ነው፤ ስሚው ሲያላዝን" ይለኛል። አልጋ ያገኘነው አመሻሽ ላይ ነው። ከዚያ ለምርመራ ደሙን በሁለት ጠርሙስ ወሰዱ፤ መድኃኒት ጀመሩለት።

በማግስቱ ተሽሎት ነበር። በሦስተኛው ቀን አላወቀኝም። ሊያልፍ ሲል "ሙሽሪት፣ በሩን ዝጊው፣ ንፋስ ገባ" አለኝ። ክፍሉ በር አልነበረውም፤ መጋረጃ ነው ያለው። ተነስቼ መጋረጃውን ሳብኩት። ስዞር አልነበረም።

አሁን እኔ ልጠይቅዎ።

ልቅሶው ሳይነሳ፣ አጎት እርስዎን በስልክ አነጋግረው ሲመለሱ፣ ሰው በተቀመጠበት መሃል ቆመው "ልጅቷ ራሷ ተናግራለች፣ የባለሙያ ቃል ነው፤ ከቤት ነው የያዘው" አሉ። እኔ ውሃ ይዤ እያዞርኩ ነበር። የሚቀጥለው ሰው አልጠማኝም አለ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም እንደዚሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እማማ ከእጄ አይበሉም። አይሰድቡኝም፤ እሱስ በስንት ጣዕሙ። የሰጠኋቸውን አመስግነው ይቀበሉና መሬት ያስቀምጡታል። ማታ ስወጣ እዚያው እንዳለ አገኘዋለሁ። እሳቸው ካሉበት ከፊት ቤት ወደ እኔ ቤት የምታስገባውን መዝጊያ በርሜል አስደግፈውባታል። ልጅ አልወለድንም፤ እዚህ ግቢ ውስጥ የነበረኝ ገመድ እሱ ብቻ ነበር።

ሥራዎ ነውና ይንገሩኝ። እኔ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ሳህን ሳጥብ እጆቼን አያቸዋለሁ። ከእነዚህ ነው የያዘው? አዎ ከሆነ አዎ ይበሉኝ። ችዬው እኖራለሁ። ሳላውቀው ግን መኖር አቃተኝ።

አክባሪዎ


መጋቢት 25

ለእህቴ፣ ለወንድሜ ዓይን ማረፊያ፣

"እርስዎ" ብለሽ የጻፍሽልኝን ደብዳቤ በሥራ ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ ከፍቼ አነበብኩት። ይገባኛል፤ ሌላም ይገባኛል።

የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ነገሩን ለመመለስ ስል ለሆስፒታሉ ጻፍኩ፤ እዚያ ያከመው ሐኪም የላብራቶሪውን ውጤት ላከልኝ። ከዚያ የወንድሜን ታሪክ እንደ ማንም ሰው ታሪክ አድርጌ ለሥራ ባልደረባዬ አነበብኩላት። የማን እንደሆነ አልነገርኳትም። ገና ሳልጨርስ "እጥበት የሚመላለስ፣ ባለቱቦ፣ ማሽኑ ላይ እያለ የተንቀጠቀጠ፤ ከሕክምና ጋር የተያያዘ ነው፤ ይህ ምን ያጠያይቃል?" አለችኝ። ምንም አያጠያይቅም። እኔ ራሴ ባለፈው ጽፌልሻለሁ። ለተማሪዎችም በየዓመቱ አስተምረዋለሁ።

ታዲያ ለምን እንደዚያ አልሽ ትዪኛለሽ። አጎታችን ሲደውል ደረጃ ላይ ቆሜ ነበር፤ የታጠበ አንሶላ የጫነ ጋሪ እያለፈ ነው። "ውሃ ነክቶት ነበር፤ ሚስቱ ነች የቀየረችው" አለኝ። ያን ጊዜ ከአፌ የወጣው "በቃ፣ ከቤት ነዋ!" ነው። አላሰብኩበትም። ወንድሜ ሞቶ እኔ እዚህ ደረጃ ላይ ቆሜያለሁ፤ አንድ ሰው ያስፈልገኝ ነበር፤ ቅርብ የተገኘሽው አንቺ ነሽ። ቃሉን ከባለሙያ አፍ ስለሰሙት ደግሞ ማንም ሊከራከርልሽ እንኳ አልደከመም። የሥራዬን ቃል ወስጄ እንደ መዝጊያ በሰው ላይ ዘጋሁት።

ደግሞም "ከቤት የመጣ" ማለት ትኩሳቱ ሲጀምረው ሰውዬው የት ነበር ማለት እንጂ ማን ሰጠው ማለት አይደለም። ይህን ለአንድም ሰው አልነገርኩም።

አሁን ስለ እጆችሽ። የተገኘው ባክቴሪያ በሰው ሁሉ ቆዳ ላይ የሚኖር ነው፤ በእኔም፣ በነርሷም፣ በአንቺም፣ በራሱ በወንድሜም። በቱቦው በኩል ገብቷል። ከማን ቆዳ እንደሆነ ግን ላብራቶሪው አይናገርም፤ እኔም አላውቅም። አንቺ የነካሽው ሳምንታት ቀድሞ ነው፤ ያውም ላይ ላዩን፣ በጓንት፣ ነርሷ እስክታመሰግንሽ ድረስ። ከዚያ ወዲህ ያች ቱቦ በእያንዳንዱ እጥበት ተከፍታለች፣ ተዘግታለች። ከአንቺ የመሆኑ ዕድል በጣም፣ በጣም ጠባብ ነው። ፈጽሞ አይደለም ብዬ ብምልልሽ ደስ ባለኝ። ግን አንዴ ያለ እውቀት ተናግሬብሻለሁ፤ ለማጽናናት ብዬም ቢሆን አልደግመውም።

አጎታችን ጋ ደወልኩ። "ታዲያ ያን ጊዜ ለምን እንደዚያ አልሽ? እኔን ነው በሰው ፊት ያዋረድሽኝ" ብሎ ተቆጣ። ቢሆንም ለሰዎቹ እንዲናገር አስምዬዋለሁ። ከዚያ ለእማዬ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ዶክተር አለመሆኔንም ሳይቀር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ስልኩን ዘጋችው። መልሼ ብደውል አላነሳችም።

ይቅርታ የሚለውን ቃል እዚህ ወረቀት ላይ ብጽፈው ቀልሎ ታየኝ። ቢሆንም ሌላ ቃል የለኝም፤ ይቅር በይኝ።
እህትሽ


ግንቦት 6

ለእትዬ፣

ጤና ይስጥሽ። እንቅልፍሽ እንዴት ነው?

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆየ። ለመመለስ የዘገየሁት አኩርፌ አይደለም። ያልሽውን ቀስ እያልኩ ነው የዋጥኩት። "አላውቅም" ያልሽኝ ቦታ ላይ መጀመሪያ ተናደድኩብሽ፤ ምን አለበት ብትዋሺልኝ ብዬ። አሁን ሳስበው፣ ብትዋሺኝ ኖሮ የቀረውንም አላምንሽም ነበር። አሁን ሌሊት ስነቃ እጆቼ ሳይሆኑ እሱ ነው ትዝ የሚለኝ። ያም ይከብዳል፤ ግን እሱ የእኔ ነው።

አጎት ቃላቸውን ጠብቀዋል። እድር ላይ "ያን ነገር ልጅቷ ተሳስታ ነው" አሉ አሉ። ሰዉ "እንዴ!" ብሎ ወደ ሌላ ወሬ አለፈ። ያን ቀን "አልጠማኝም" ያለኝ ሰው ትናንት መንገድ ላይ ቆሞ ሰላም አለኝ፤ እንዴት ነሽ፣ ጠፋሽ አለኝ። ጠፋሽ! ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር።

ይቅር በይኝ ላልሽው፣ ብዬሻለሁ። አልተጎዳሁም ግን አልልሽም። አንቺም እንደዚያ እንድል አትፈልጊም።

በወሩ መጨረሻ ከዚህ እወጣለሁ። እህቴ የልብስ ስፌት ቤት አላት፤ አብረን እንሠራለን። ማንም አላባረረኝም። ማለዳ በነቃሁ ቁጥር የሱቁ መዝጊያ ሲከፈት እየመሰለኝ ሌላ ሰው ሲከፍተው ማየት አልቻልኩም።

አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ባለፈው ቅዳሜ በርሜሉ ሲገፋ ሰማሁ። እማማ ናቸው። ብቻቸውን ገፍተውት ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። እጃቸው ላይ ሳሙናና ፎጣ ይዘዋል። ሰላምታ አልሰጡኝም፤ እኔም አልሰጠሁም። በርጩማውን ራሳቸው ስበው ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ሻሻቸውን ፈቱ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ፀጉራቸውን ማንም ነክቶት አያውቅም፤ እንደ ምንጣፍ ተያይዟል።

"ራሴን እጠቢኝ" አሉኝ።

"እማማ፣ እኔ ነኝ" አልኳቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ከሌላ ሰው ጋር ያምታቱኝ መሰለኝ።

"አንቺ መሆንሽን አጣሁት?" አሉ። "ውሃውን አሙቂው።"

አሞቅኩ። ፀጉራቸው እስኪፈታ ብዙ ቆየሁ፤ አንዳንዱ ቋጠሮ ሲጎተት ያማል፤ አንዴም "ኧረ" አላሉም። መጨረሻ ላይ ውሃ ሳፈስላቸው ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው ሙሉ ክብደቱን እጄ ላይ ለቀቁት። ሕፃን እንደሚለቀው። ዓይናቸውን ጨፍነው "ከእጅሽ ውሃ ስጪኝ፤ ጠምቶኛል" አሉኝ።

ሰጠኋቸው። ጠጡት፤ ባዶውን ብርጭቆ መለሱልኝ።

እትዬ፣ ወረቀትሽ እንደታደሰ ነይ። እናትሽ አርጅተዋል፤ እኔ ከሄድኩ ፀጉራቸውን የሚያጥብ የለም።

ሙሽሪት